ጎበዜና የአማቴ እግር

ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ድሮ ይገርመኝ ነበር። «ድሮ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ ይኸን ሁሉ የማወራው ለእሷ ስል ነው።

ቆቦ ባጃጅ ተራው አጠገብ አንዲት የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ሃያው ቆሞ ያያል። የሚጫወቱት ሁለቱ ትንፍሽ አይሉም። የሚያልበው፣ ግንባሩን በመዳፉ የሚመታው፣ «አቀብል እንጅ አንተ ደንቆሮ!» እያለ የሚሳደበው ተመልካቹ ነው። ከቢሮ ወጥቼ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በሩ ላይ ቆም እልና «ሰው ሲበላ አይቶ የጠገበ አለ?» እላለሁ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። አንድ ቀን አንዱ የባጃጅ ሹፌር ፊቱን እንኳን ሳያዞር፣ «ጋሼ፣ እርስዎም እኛ ስናይ እያዩ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዙሪያ ጥምጥም በሆነው መንገድ ነበር ቤቴ የምገባው።

ለነገሩ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የአስፋልቱን ዳር ቦይ ሊቆፍር እስካቫተር የመጣ ዕለት የቢሯችን ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ነው የዋለው። ባለጉዳዮቹም አልተቆጡም። አጠገባችን ተደርድረው፣ «ያቺን ድንጋይ ያነሳታል፣ አያነሳትም» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሲያነሳት ሁላችንም አጨበጨብን። ለምን እንዳጨበጨብን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ድንጋይዋ የማናችንም አልነበረችም።

በሉ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አማቴ አያ ደርበው ከዋጃ ወረድ ብሎ የማሽላ ማሳ አላቸው። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጃቸውን እታፈራሁን ላገባ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ እጄን ያዝ አድርገው መዳፌን ገለበጡና፣ «ይኸ እጅ ነው ወይስ ጓንት?» ብለው ነበር። ልጅቷን ሰጡኝ፤ ጥያቄያቸው ግን መልስ ሳያገኝ አሥር ዓመት ቆየ።

እኝህ ሰው የሚዘሩት ደጋለት የሚባለውን ማሽላ ነው። ደጋለት ይጣፍጣል። መጣፈጡን ደግሞ ከእኛ ይልቅ አሳምሮ የሚያውቀው ግሪሳ ወፍ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማሳው መሀል አራት እንጨት ይተከልና ማማ ይሠራል። ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ሲጠብቅ ይውላል። ካልተጠበቀ፣ የዓመት ልፋት ለግሪሳ የአንድ ቀን ቁርስ ነው።

አያ ደርበው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማማ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ልጃቸውን ባገባሁ በአሥረኛው ዓመት ግን ወጡና ወደቁ፣ ከእነወንጭፋቸው። የቀኝ ቅልጥማቸው ተሰበረ። ከሮቢት የመጣው ወጌሻ አሸት አሸት አድርጎ፣ ጎትቶ፣ በሸምበቆ ጠፍሮ ካሰረ በኋላ ጣቱን ቀሰረና፣

«አርባ ቀን መሬት እንዳይነካ» አለ። «ከረገጡበት ተጣሞ ይገጥማል። ተጣሞ የገጠመ እግር ደግሞ ከበሬ ኋላ አይሄድም።»

ሲጎትታቸው «እህ» እንኳን ያላሉት ሰውዬ፣ «ከበሬ ኋላ አይሄድም» ሲባሉ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። አሳዘኑኝ። እንጀራቸው እኮ ያቺው እግር ናት።

አገራቸው ብንተዋቸው በሦስተኛው ቀን ማሳ እንደሚወርዱ ስላወቅን ወደ ቆቦ፣ እኛ ቤት አመጣናቸው። ሳሎን አልጋ ተዘረጋላቸው። ቀን ቀን የምትጠብቃቸው እታፈራሁ ናት፤ ሱቋ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ገበያተኛ ስለሚበዛባት ተረኛው እኔ ሆንኩ። መመሪያዬንም ተቀበልኩ።

«ከቢሮ ቀጥታ ወደ ቤት! አባዬ አንዲት እርምጃ ቢረግጥና ቢያነክስ፣ በነካ እጄ ያንተንም እሰብረዋለሁ!»

እታፈራሁ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። አያ ደርበው ሰውነታቸው እኛ ቤት ተኝቷል፤ ልባቸው ማማው ላይ ነው። ማሳውን የሚጠብቅላቸው ድንበርተኛቸው ሰይድ ነበር። የእሱም ማሳ እዚያው ስለሆነ ሁለቱንም ከአንድ ማማ ይጠብቃል። ለገበያ ሲመጣ ጎራ ይልና፣ «አብሽር አያ ደርበው፣ አላህ ያሽርህ! እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ይላቸዋል።

«አንተማ አለህ» ይሉታል፤ «ወንጭፍ ስትወረውር ግን ወፉ ይስቃል።»

በአምስተኛው ቀን ከቢሮ ስገባ ደህናው እግራቸው ወለሉ ላይ ወርዷል፤ የታሰረው ሊከተለው ጫፍ ላይ ደርሷል።

«አባባ! ወዴት ነው?»

«ወደ ውጭ።»

«ውጭ ምን አለ?»

«ዋጃ።»

ወገባቸውን ይዤ መለስኳቸው። ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። ስብሰባ ነበር የሚያሳየው። ትንሽ አዩና፣ «እነሱም ተቀምጠው ይውላሉ፣ እኔም ተኝቼ እውላለሁ። ምን እንተያያለን?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሽማግሌ እንደሚያስፈራ ያየ ያውቀዋል።

ጨነቀኝ። ስልኬን አወጣሁና በእንግሊዝኛ «እርሻ» ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ ጎበዜ ቤታችን የገባው ያኔ ነው።

ቀይ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ በስልኩ ጥግ በኩል በትንሹ ይታያል። ሰፊው ቦታ ላይ ደግሞ አድማስ የሚያህል ማሳ አለ፤ ኮምባይነር እህል ያጭዳል። እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እኔም እውነተኛ እርሻ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የኮምፒውተር ጌም መሆኑ የገባኝ። ሰውየው በኢንተርኔት በቀጥታ ይጫወታል፣ የዓለም ሰው በየስልኩ ያየዋል፣ ከሥር የፈለገውን ይጽፍለታል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኸ ነው! ልዘጋው ስል፣

«ተወው» አሉ አያ ደርበው።

ከግድግዳው ዞረው ነበር።

«ይኸ ሰው ገበሬ ነው?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጨዋታ ነው ብላቸው ወደ ግድግዳው የሚመለሱ መሰለኝ። «አዎ አባባ፣ ትልቅ ገበሬ ነው» አልኩ። ውሸት ደግሞ ሲጀምሩት ቀላል ነው፤ መከራው ማሳደጉ ነው።

«ስሙስ?»

ስሙ ላይ ቁጥርና ሰረዝ ስለነበረበት ማንበብ አቃተኝ።

«በቃ ጎበዜ ይሁን» አሉ።

ወዲያው ጎበዜ ትራክተሩን ከእነተሳቢው ወንዝ ውስጥ ነዳው። አያ ደርበው «ወየው!» ብለው ብድግ ሊሉ ሲሉ ደረታቸውን ያዝኩ። ሰውየው አንዲት ነገር ነካ፤ ትራክተሩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ።

«ይኸስ?»

«ኢንሹራንስ ነው አባባ።»

ዘር ዘራ፤ በሩብ ሰዓት አጨደ።

«ይኸስ?»

«ምርጥ ዘር ነዋ።»

«ለካ ለዚህ ነው የእርሻ ባለሙያዎቹ ምርጥ ዘር ምርጥ ዘር እያሉ የሚያደርቁን» አሉ። በዓይናቸው ዳር አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ እኔ ሞኙ መደነቅ መሰለኝ።

አስተርጓሚም ሆንኩ። የእኔ እንግሊዝኛ የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መሠረት» ብሎ ካልጀመረ ሰው ምን እንደሚል አልሰማም። ጎበዜ ደግሞ እንደ ውኃ ያፈሰዋል። አምስት ደቂቃ ሙሉ አውርቶ ሲስቅ፣

«ምን አለ?» ይሉኛል።

«ዘንድሮ ሰብሉ ጥሩ ነው አለ።»

«ይኸን ሁሉ ለፍልፎ?»

«ፈረንጅ ነገር ያረዝማል አባባ።»

ጎበዜን ማየት በጀመርን በሦስተኛው ቀን አያ ደርበው ኮስተር አሉ። «ልጁ ሥራ ላይ ነው፤ እኛ አፋችንን ዘግተን እናየዋለን። ነውር አይደለም? ሥራ ላይ ያለን ሰው ያበርታ ሳይሉ ቆሞ የሚያይ ሌባ ነው። ያበርታ በልልኝ።»

«አይሰማም እኮ አባባ።»

«ጻፍለታ! መዝገብ ቤት አይደለህም እንዴ?»

በእንግሊዝኛ ፊደል «ያበርታ» ብዬ ጻፍኩ። በመቶ የሚቆጠር ሰው መልእክት እየተንጋጋ በሚያልፍበት መሀል፣ በእግዜር ሥራ፣ ጎበዜ ያቺኑ አየ። ቆም ብሎ አነበባትና እጁን እያወዛወዘ፣ «ሃሎ ያቤርታ!» አለ። ስሜ መስሎታል።

«ምን አለ?»

«አብሮ ያበርታን አለ።»

አያ ደርበው ትራሳቸው ላይ ተደላደሉ። «የሰው ልጅ ነው፤ በደንብ ያሳደጉት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያበርታ ሳንል ማየት ቀረ። ጎበዜም መልእክቷ ስትደርሰው «ያቤርታ! ያቤርታ!» እያለ ይቀበለናል። ጎረቤት ሰማና እኔን ያቤርታ ይለኝ ጀመር። ቢሮ ድረስ ተከተለኝ። ኃላፊያችን አንድ ጠዋት ፋይል ሲጠይቁኝ «አቶ ያቤርታ» ብለውኝ አረፉት።

ያበርታ ያለ ሰው እንግዲህ ዝም ብሎ አይሄድም። መጀመሪያ የጎን ጎረቤቶች መጡ፣ በሽተኛ ጥየቃ ብለው። ቀጥሎ የጓሮዎቹ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። በሦስተኛው ሳምንት የባጃጅ ሹፌሮቹ በራችን ላይ ተደርድረው ቆሙ። ያ ምላሰኛው ገባና ከእግሬ ሥር ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሲበላ አይቶ የጠገበ አለ?» አለኝ። ቤቴ ነውና ማባረር እችል ነበር። ግን ጎበዜ በቆሎውን ሊያጭድ ሲል ዝናብ አንዣቦበት ስለነበረ ጊዜ አልነበረኝም። «ዝም በልና እይ!» አልኩት።

አዎ፣ እኔም ተለክፌ ነበር። ቢሮ ተቀምጬ ጎበዜ ያችን የታችኛዋን ማሳ ምን ይዘራባት ይሆን ብዬ አስባለሁ። ያቺ ማሳ ምኔም አይደለችም። ቢያጭድ አልበላ፣ ቢከስር አልራብ። እሱ እኮ ነው ደስታው! በራሴ ኑሮ አንዲት ነገር ስትበላሽ ሳምንት ሙሉ እብሰለሰላለሁ፤ የጎበዜ ሲበላሽ ከሃያ ሰው ጋር አብሬ «ወይኔ!» እላለሁ፣ ከዚያ እንሳሳቃለን፣ ይለቀኛል። ዳር ቆሞ የሚያይ መቼም ተሸንፎ አያውቅም።

አያ ደርበው ግን እንደኛ አይስቁም። ጎበዜ መሪውን ሲያዞር የእሳቸው ጣት ብርድ ልብሱ ላይ ይዞራል። ሲዘራ መዳፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንድ ቀን፣ ሃያ ስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለጎበዜ ማሽላ የመሰለ ነገር ደረሰለት። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ እሳቸውም ሸለብ አድርጓቸዋል። ስልኩን በጠርሙስ አስደግፌ ከእግራቸው በኩል አቁሜዋለሁ። ድንገት በዚያ በጎበዜ ሰማይ ላይ፣ ለጌጥ ያደረጓቸው መሰለኝ፣ የወፍ መንጋ ብር ብሎ መጣና ማሳው ላይ ዝቅ አለ።

«ሃሃሃይ!»

ቤቱ ተናጋ። አንዲት ጎረቤታችን ከበርጩማዋ ወደቀች። አያ ደርበው ዓይናቸውን ገና ሳይገልጡ እጃቸው የቆርቆሮውን ኩባያ አፈፍ አድርጎ፣ አዙሮ ለቀቀው። ሃምሳ ዓመት ዒላማ ስቶ የማያውቅ እጅ ነው። ኩባያው ስልኬን መሀል ግንባሯን አላት።

ስልኬን አነሳሁ። መስታወቷ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጎበዜ ከስንጥቁ ኋላ በሁለት ተከፍሎ ያርሳል። ወፎቹም አሉ።

አሁን እውነቱን መናገር ግድ ሆነ። አንገቴን ደፋሁና፣ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ያ እርሻ እውነት አይደለም። ጨዋታ ነው። ወፎቹም ሥዕል ናቸው። ዋሽቼዎታለሁ።»

አያ ደርበው አዩኝ። ከዚያ ቤቱን የሞላውን ሰው አዩ። ከዚያ ሳቁ፣ የታሰረው እግራቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ አንተ ጅል! ሳያልበው የሚያርስ ገበሬ የት አየህ? ጭቃ የማይነካው ጎማስ? አንተ በኢንሹራንሱ፣ በምርጥ ዘሩ ስትፍጨረጨር ጊዜ እኔ ሁለት ጨዋታ ነበር የማየው፤ አንዱ የጎበዜ፣ አንዱ ያንተ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። ለካ ሁሉም ያውቃል! እሳቸው ራሳቸው ነግረዋቸው፣ «አማቼን እንዳታስነቁብኝ» ብለው አስምለዋቸው ኖሯል።

«ታዲያ ካወቁ ኩባያውን ለምን ወረወሩ?» አልኩ፤ ሳቁ ሳይሆን ስልኬ አንገብግቦኝ።

አያ ደርበው ሳቃቸው ቆመ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«እኔማ አውቃለሁ» አሉ። «እጄ ግን አያውቅም። ሥራ ከፈታ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ምን ብዬ ላስረዳው?»

ስለ ስልኬ መልሼ ያነሳሁት የለም።

መከራው የመጣው በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ነው። ሰይድ ለገበያ መጣና ገና ከበሩ ፊቱ ልክ አልነበረም። ልጁን ሊድር ነው፤ ጁምዓ ኒካዋ አላማጣ ነው። ጁምዓና ቅዳሜ ማሳው ላይ አይኖርም፤ ዘመድ ጎረቤቱም ሁሉ ሰርጉ ላይ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ወላሂ አልደብቅህም አያ ደርበው፣ ግሪሳው በታች በኩል ታይቷል» አለ።

አያ ደርበው ብርድ ልብሱን ገፈፉ። «ባጃጅ ጥሩልኝ!»

«አባዬ! ሰባት ቀን እኮ ነው የቀረህ!»

«ማሽላዬ ካለቀ እግሬን ምን ላድርገው? ጠላ ልጥመቅበት? ከእነእሥሩ ማማ ላይ አውጡኝ!»

ሰይድ በአንድ ትከሻ፣ እኔ በሌላው ተንጠልጥለን ያዝናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ሁለታችንንም ይጎትቱን ጀመር። የታሰረው እግር ወለሉን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። እታፈራሁ መሀል ቤት ቆማ ስታለቅስ ቆየችና ድንገት እንባዋን ጠረገች።

«አባዬ፣ ተኛ። እሱ ይሄዳል።»

ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳው ብቻ ነበር።

«ይኸ?» አሉ አያ ደርበው፣ ትግሉን አቁመው። «ይኸን ወፉ ቢያየው ዘመድ ጠርቶ ይመጣል እንጅ ይሸሻል?»

«አንተ በስልክ እያየህ ታዘዋለህ። የእኔን ስልክ አንተ ትይዛለህ፤ እሱ የተሰነጠቀችውን ማማው ላይ ያስራል።»

አያ ደርበው አሰቡ። እኔን አዩኝ። የተሰነጠቀችውን ስልክ አዩ። ቀስ ብለው ተኙ። «እያየሁት ከሆነ… እሽ።»

የአንድ ቀን ዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። ምክንያት በሚለው ላይ «ወፍ ለመጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊያችን ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙና፣ «በምስል ነው የሚደውሉት?» ብለው የአማቴን አልጋ አድራሻ ጠየቁኝ።

ጁምዓ ጠዋት ማማው ላይ ወጣሁ። መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ አማትና አማች ባንድ አልጋ በሸምበቆ ታስረን እንዳንተኛ ፈርቼ ነበር። ስልኳን ከቋሚው ጋር በገመድ አሰርኳት። ኔትወርኩ ከቢሯችን ይሻላል። ደወልኩ። እኛ ሳሎን ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ከፊት አያ ደርበው፣ ከጎናቸው ኃላፊያችን።

«ያበርታ!» አለ ሳሎኑ በአንድ ድምፅ።

«አሜን» አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ብዝለለው ደስ ባለኝ።

ወንጭፍ አንዱ ጫፉ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው ተይዞ ይለቀቃል። እኔ ሁለቱንም ለቀቅኋቸው። ወንጭፉ ከእነድንጋዩ ሄደ። ፍለጋ ወረድኩ። ማሽላው ከእኔ ይረዝማል፤ ለሩብ ሰዓት ጠፋሁ። ከላይ ከስልኩ እታፈራሁ፣ «የት ገባ? ወደቀ እንዴ?» ስትል፣ አማቴ «አልወደቀም። ጠፋ» ሲሉ ይሰማኛል። ሳቁ ማሳውን ሞላው። አግኝቼው ወጣሁ። ሁለተኛው ድንጋይ ወደ ላይ ወጣና እዚያው ራሴ ላይ ተመለሰ።

«ግራህን ተመልከት! ግራህን! ግራህን አታውቅም?» ይላሉ አያ ደርበው። «ጋሼ፣ በዚያኛው እጅ!» ይላል ያ የባጃጅ ሹፌር። ኃላፊያችን ሳይቀሩ፣ «አቶ ያቤርታ፣ ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉት እንጅ!» ይላሉ፤ እሳቸው በሕይወታቸው ከማኅተም ሌላ ነገር አንስተው አያውቁም። ጎበዜ ይኸን ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለው ያኔ ገባኝ።

ረፋድ ላይ፣ በአፋር በኩል፣ ሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ወደኛ ዞረ።

«መጡ» አሉ አያ ደርበው። ድምፃቸው ተለወጠ። «ወንጭፉን ጣለው። ጅራፉን አንሳ። ከራስህ በላይ አዙርና አጩኸው።»

ጅራፉን አነሳሁ፣ አዞርኩ፣ ቋሚው ላይ ተጠመጠመ። ስጎትተው ማማው ተወዛወዘ። ግሪሳው ከዳር በኩል መውረድ ጀመረ። ማሽላው ራሱ ሲጎብጥ ይታየኛል። የእኝህ ሰው ዓመት ዓይኔ እያየ ሊበላ ነው፤ እኔ ደግሞ ጅራፍ እፈታለሁ! ማልቀስ አማረኝ።

«ጩህ!» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«የራስህንም ስም ቢሆን ጥራ፣ ብቻ ጩህ!»

«ያቤርታ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

አያ ደርበው ግን ከቆቦ አልጋቸው ላይ «ሃሃሃሃይ!» ሲሉ የተሰነጠቀችው ስልክ ገመዱ ላይ ተንቀጠቀጠች። ከኋላቸው ሳሎኑ ሁሉ ተቀበላቸው፤ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ኃላፊያችን። ስልኳን ከገመዱ ነጥቄ ከራሴ በላይ አነሳኋትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ በአራቱም ማዕዘን አዞርኳት። አንድ እጄ ስልክ፣ አንድ እጄ ጃኬቴን ያወናጭፋል፣ እግሬ ማማውን ይደበድባል። ግሪሳው ብር ብሎ ተነሳ። አንዴ በራሴ ላይ ዞረ። ከዚያ ወደ መጣበት ሄደ። በጩኸቱ ይሁን በእኔ ጭፈራ ደንግጦ፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ሸኘነው። ከዳሩ ትንሽ ቀምሷል እንጅ መሀሉን አልነካውም። ኒካው ካለቀ በኋላ ሰይድ የሰርጉን ቀሪ ለዘመዶቹ ትቶ ቅዳሜ ማለዳ ደረሰልኝ፤ አላህ ይስጠው።

ቆቦ ስገባ ፊቴ በፀሐይ ተልጦ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣ መዳፌ ተፈግፍጎ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት ሲጮህ የታሰረው እግር ከአልጋው እንዳልተነሳ እታፈራሁ ምላ ነገረችኝ፤ ራሷ ላዩ ላይ ተቀምጣበት ኖሯል።

«እንዴት ነበርኩ አባባ? ከጎበዜ አነስኩ?»

«ትበልጣለህ» አሉ።

«እውነት?»

«ጎበዜ ያውቅበታል። የሚያውቅበትን ሰው ታያለህ፣ ታደንቃለህ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል። አንተን ግን ሳይ አንዴ እንኳን አልተኛሁም።» ትከሻቸውን አሹ። «ይኸው ትከሻዬ ዝሏል። እዚህ ተኝቼ ማሳዬ ላይ ዋልኩ። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። አለቀስኩ። በፀሐይ በተላጠ ፊት ላይ እንባ እንዴት እንደሚያቃጥል ደግሞ አይጣል ነው።

አርባው ቀን ሞላና ወጌሻው ሸምበቆውን ፈታ። እግሩ መንምኗል፤ እንደ ሌላ ሰው እግር ነው። አያ ደርበው በከዘራ ቆሙ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ያዝ አደረጋቸው። ሁላችንም ወጌሻውን አየነው።

«ዛሬ አይታወቅም» አለ። «ገና አሁን ነው የደረቀው። ቀንቶ ይሁን ተጣሞ የሚለየው በሬ ሲከተሉ ነው።»

ከዘራቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ ወደ አገራቸው ሄዱ። እታፈራሁ እስኪርቁ ድረስ እየሳቀች ሸኘቻቸውና ሱቋ ገብታ ተደብቃ አለቀሰች። ማሽላው ታጨደ፣ ደረቀ። እግሩን ስንጠይቅ «ደህና ነው» ይሉናል። የገበሬን «ደህና ነው» ደግሞ ማን ያምናል?

አንድ ረፋድ ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጠራች፤ በምስል ነው። ከፈትኩት። ሰይድ ነበር።

«አያ ደርበው ውድማ ላይ ነው። እዩኝ ብሏል።»

ስልኩን አዞረው። ማሽላው ተነጥፏል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ። ከበሬዎቹ ኋላ አንድ ሰው ይታያል፤ ስንጥቁ መሀል ለመሀል ቆርጦታል።

«ሰይድ፣ በእናትህ ፊታቸውን ተውና እግራቸውን አሳየኝ!»

ሰይድ ዝቅ አደረገው። ሳይ መቀመጥ አቃተኝ። ወንበሬን ገልብጬ፣ ስልኳን በሁለት እጄ እንደ ሞላ ሰሐን ይዤ፣ ከቢሮ እስከ እታፈራሁ ሱቅ ሮጥኩ። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋብኝ፣ ሰው ምን ሆነ አለ፤ አልቆምኩም። ስኳር እየመዘነች ነበር። ምንም ሳልል ስልኳን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኳት።

አየች። የቀኙ ረገጠ። የግራው ረገጠ። የቀኙ ረገጠ። ከዘራ የለም። ወገብ አይወዛወዝም። አያ ደርበው በሬዎቻቸውን እየከተሉ ውድማውን ዙር ሞሉ።

«ታያላችሁ?» አሉ ከሩቅ። «በቃ፣ ማሽላው ደቋል፤ በሬዎቹን ልፍታቸው።»

እታፈራሁ ስኳሩን እጇ ላይ እንደያዘች ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፤ «አንድ ዙር ድገምልኝ።»

አያ ደርበው ሳቁ። በሬዎቹን መልሰው ነዱና እሷ እንድታያቸው ብቻ አንድ ዙር ዞሩ።